ድርሰት ለማስተማር አንድ ገጽ ይበቃል

ውድ ጠያቂዬ፣ በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቀው ደሴ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ሲወዳደሩ የናሙና ትምህርት እንዲያቀርቡ መጠየቅዎን፣ «ልብ ወለድ እያስነበብኩ ድርሰት መጻፍን እንዴት ላስተምር? ለመላው ክፍል የሚበቃ መጽሐፍስ ከየት ላምጣ?» ማለትዎን ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ።

ከሁለተኛው ልጀምር። አንዲት ጥሩ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪዎቹ በደብተራቸው ቢገለብጧት ይበቃል። መገልበጥን እንደ ቅጣት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በመጻሕፍት ስብስቡ ጭምር የታወቀ ነው፤ በዚያ ዘመን መጽሐፍ የሚበዛውም በእጅ ሲገለበጥ ብቻ ነበር። ዐይን የሚያልፈውን ነጥብ እጅ አያልፈውም።

ዋናው ግን ስላነበቡት ለተማሪዎቹ የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት «የደራሲው መልእክት ምንድን ነው?» እያልኩ ስጠይቅ፣ ተማሪዎቼ መልሱን በቃላቸው ቢያውቁትም ጽሑፋቸው አንዲት ጋት ፈቀቅ አይልም ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ደራሲው ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳለው ይጠይቁ። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ተማሪ «ሄዶ፣ ገዝቶ፣ ተመልሶ፣ ደክሞት» እያለ ቦዝ አንቀጽ (ብቻውን ሐሳብ የማይቋጭ ግሥ) ሲደራርብ ዐረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ማሰሪያ ግሥ ይጠፋበታል። ይህን በቀይ እስክሪብቶ ከማክበብ ይልቅ፣ ጎበዝ ደራሲ ስንት ድርጊት አከታትሎ የት ላይ አራት ነጥብ እንዳኖረ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቁጠሩ። ከዚያም አሠራሩን እንጂ ቃላቱን ሳይወስዱ የሚያውቁትን ይጻፉ፤ የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ልጅ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ አቧራው፣ በአንድ ቦታ ስለሚሰማው አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ አምስት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ቃል አያጣም።

በናሙና ትምህርቱ ንድፈ ሐሳብ ለማብራራት አይቸኩሉ። 40 ደቂቃ ከተሰጠዎት 10ሩን ለንባብ፣ 10ሩን ለጥያቄ አድርገው የቀረውን ለመጻፊያ ይተዉት፤ እርስዎም አብረው ይጻፉ፣ ሰርዘው ሲያስተካክሉም ይዩዎት። ከተመረቁ ወዲህ ድርሰት ጽፈው እንደማያውቁ መግለጽዎ ግን አሳስቦኛል። እስከ ውድድሩ ቀን በየማታው አንዲት አንቀጽ ይጻፉ፤ ከእነዚያም አንዷን፣ ስርዝ ድልዟ ሳይጠፋ፣ ለገምጋሚዎቹ ለማሳየት ይዘው ይግቡ።