የጤና ኬላችን ሠራተኞች ደመወዝ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ በቀበሌያችን ጤና ኬላ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ መቋረጡ ከተሰማ ወዲህ አንዱ ጎረቤቴ «የሚከፈሉት በእርዳታ ስለሆነ ኬላው መዘጋቱ አይቀርም» ሲሉ፣ ሌላው «ከፋዩ መንግሥት ነው፤ እኛን አይነካንም» ይላሉ። ማናቸው ልክ ናቸው?
አንባቢያችሁ፣ ከአርሲ

መልስ፦ ስለ ደመወዙ ሁለተኛው ጎረቤትዎ ልክ ናቸው፤ «አይነካንም» ያሉት ግን አያስኬድም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ሆኑ መምህራንና የግብርና ልማት ሠራተኞች ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከወረዳው በጀት ነው። ወረዳው ደግሞ በአብዛኛው የሚተዳደረው በራሱ ገቢ ሳይሆን፣ ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች፣ ክልሎችም ለወረዳዎች በቀመር በሚያከፋፍሉት ጥቅል በጀት ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ወደዚህ ቋት የገባ የውጭ ገንዘብ ከግብር ከተሰበሰበው ብር ጋር ተቀላቅሎ መለያ የሚያጣ መሆኑ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ ውዝግብ በኋላ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቋረጡ። የገጠሩ አገልግሎት እንዳይስተጓጎል ሲባል ግን በ1998 ዓ.ም. የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራምን፣ በቢሮ አነጋገር ፒ.ቢ.ኤስ.ን፣ ጀመሩ። ክትትሉ ጠበቀ እንጂ ገንዘቡ ወረዳ የሚደርሰው በዚያው በጥቅል በጀት መንገድ ነበር፤ በአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ገባ ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

የበጀት ባለሙያዎች በገንዘብ መሥሪያ ቤቶች በኩል የሚያልፈውን እርዳታ «ቻናል ዋን»፣ በጤና ሚኒስቴርና በመሰል ተቋማት በኩል የሚመጣውን «ቻናል ቱ»፣ ለጋሹ ራሱ ወይም የቀጠረው ድርጅት የሚያወጣውን «ቻናል ስሪ» ይሉታል። የአሜሪካ እርዳታ በአብዛኛው ከመንግሥት በጀት ውጭ በድርጅቶች በኩል ይወጣ ስለነበር፣ መቋረጡ ቀድሞ የጎዳው የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የወባ ሥራዎችን፣ ሥልጠናን፣ የአቅርቦት ማጓጓዣንና በዚሁ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ ባለሙያዎችን ነው። ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን እያገኙ መደርደሪያው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከመዘጋት ይልቅ ለማስተዋል የሚያስቸግር ጉዳት ነው።

ፒ.ቢ.ኤስ. የወረዳ በጀት በሰሌዳ ተለጥፎ ሕዝብ እንዲያየው የማድረግን አሠራር አስፋፍቶ ነበር። በእርስዎ ወረዳም ተለጥፎ ከሆነ፣ ካልሆነም ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቀው፣ የጤናውን ዘርፍ ይመልከቱ። የደመወዙ መስመር ብዙ አያሳስብዎ፤ ከእርሱ ተርፎ ለሥራ ማስኬጃ የተያዘው ስንት እንደሆነ፣ ከአምናውም ጋር ሲነጻጸር ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ ይጠይቁ።