ፈረሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ። ዕድሜዬ 43 ነው፤ ባለትዳርና የአንድ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። የምጽፍልዎ ጉዳይ ለሰው ሲያወሩት ቀላል ይመስላል፤ ባለቤቴም «ለካርቱን ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብሎ ተገርሞብኛል። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

የ7 ዓመት ልጅ ሳለሁ በሳምንት አንድ ቀን ማታ የሚተላለፍ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ጋሪ የሚጎትት ያረጀ ፈረሱን አስከትሎ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የተለየውን አባቱን ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራል። በ4 ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜና እኔ ያቺን ቀን ስንጠብቅ ሳምንቱ አልገፋ ይለን ነበር። ሰዓቷ ስትደርስ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እናታችን ከቴሌቪዥኑ ራቁ ትለናለች፣ እኛ በተቀመጥንበት እየተንፏቀቅን መልሰን እንጠጋለን። ክንዴን ወደ መስታወቱ ሳስጠጋ የክንዴ ፀጉር ሲቆም ይታወቀኝ ነበር። ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ደግሞ ሥዕሉ ከየዳርቻው ተሰብስቦ መሐል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ይሆናል፤ ወንድሜ ሮጦ በጣቱ ይሸፍናትና «ያዝኳት!» ይለኛል። ጣቱን ሲያነሳ ነጥቧ የለችም። እኔ እውነት የያዛት ይመስለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ፊልሙ ሳያልቅ እንቅልፍ ስለሚጥለኝ፣ ያመለጠኝን በማግስቱ የሚተርክልኝም እሱ ነው።

የፊልሙን መጨረሻ እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ልጁ ከአባቱ ደጃፍ ይደርሳል፤ ዝናብ ይዘንባል፤ በሩ ተከፍቶለት ሊገባ ሲል ዞር ብሎ ያያል። ፈረሱ ውጭ ቆሟል፣ ከጋማው ውኃ ይንጠባጠባል። ልጁ አባቱን ከማቀፉ በፊት ተመልሶ ወጥቶ፣ ልጓሙን ይዞ ያስገባዋል። በጨነቀኝ ጊዜ ሁሉ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ትዕይንት ነው፤ ልጄን ስወልድም፣ አባታችን ያረፈ ዕለትም መጥቶልኛል።

ባለፈው ወር 26ቱንም ክፍሎች ኢንተርኔት ላይ አገኘኋቸው። በደስታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ እንዳየ «እማዬ፣ ይሄ ዛፍ ለምንድን ነው ተመላልሶ የሚያልፈው?» ብሎ ጠየቀኝና ተነስቶ ሄደ። የቀረውን ብቻዬን በአራት ሌሊት ጨረስኩት። በመጨረሻው ክፍል ዝናብ የለም፤ በር የለም፤ ፈረስም የለም። አባትየው በባቡር ይመጣል፣ ጣቢያው ላይ ይተቃቀፋሉ፣ ያበቃል። ፈረሱማ ሦስት ክፍል ቀደም ብሎ ለአንድ ገበሬ ተሸጧል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት። ሰው ቤቴ ገብቶ ከሁሉ የምወደውን ዕቃ የወሰደብኝ ያህል ተሰማኝ።

ወንድሜን እንዳልጠይቀው፣ ከአባታችን ቀብር በኋላ በውርስ ቤት ተቀያይመን ይኸው 5 ዓመታችን ነው። እሱ የሚኖረው ሩቅ ነው፤ በዓመት አንድ ሁለቴ ደህንነት ከመጠያየቅ ያለፈ ንግግር የለንም። አእምሮዬ ታሞ ይሆን? ይህን ያህል አጥርቼ የማየው ነገር ሐሰት ከሆነ፣ ስለ ልጅነቴ የማውቀው ሌላው ሁሉስ? ልጄንስ ቁጭ ብሎ እንዲያየው ላስገድደው ወይስ ልተወው? ይምከሩኝ።

ታናሽ እህት ነኝ

*

ውድ ታናሽ እህት፣

ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ እኔም እንደ ቀላል አላየሁትም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በሦስተኛው ንባብ ላይ ዓይኔ ያረፈበትን ነገር ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

በመጀመሪያ ፍርሃትዎን ላንሳ። ከ36 ዓመት በፊት የታየን ፊልም መጨረሻ አሳስቶ ማስታወስ የአእምሮ ሕመም ምልክት አይደለም። በዚህ ሳምንት የተነገረዎትን ደጋግመው የሚረሱ፣ ወይም ዘወትር የሚሄዱበት መንገድ የሚጠፋብዎ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ እል ነበር፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ግን የዚያ ዓይነት ነገር የለም። ናፍቆትን ራሱን እንደ ደዌ የቆጠሩበት ዘመን መኖሩ እውነት ነው። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1688 ባዝል ላይ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ «መመለስ» እና «ሕመም» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ «ኖስታልጂያ» የሚለውን ስም ያወጣው፣ ከአገራቸው ርቀው በናፍቆት ለሚማቅቁ ሰዎች ሕመም ነበር። ያ አመለካከት ከቀረ ቆይቷል። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ሰዎች የሚናፍቁትን ትዝታ በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ ሲጠየቁ፣ ባለታሪኩ በአብዛኛው ጸሐፊው ራሱ ሆኖ፣ ብቻውን ሳይሆን ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር ተገኝቷል፤ ናፍቆቱን ከሚቀሰቅሱትም ነገሮች ዋነኞቹ የከፋ ስሜትና ብቸኝነት ሆነው ታይተዋል። በእርስዎ ትዝታ ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ።

«ይህን ያህል አጥርቼ የማየው ነገር ሐሰት ከሆነ» ላሉት፣ የትዝታ ጥራት የእውነትነቱ ማስረጃ አይደለም። ኡልሪክ ናይሰር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባው ጋር ሆኖ፣ ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥር 1986 በፈነዳች ማግስት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወሬውን የት ሆነውና ከማን እንደሰሙ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ሲያቀርብላቸው፣ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው የተለየ ታሪክ በሙሉ ልብ ተረኩለት፤ የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲታያቸው እንኳ የፊተኛው ትዝታ አልተመለሰላቸውም። እነዚህ ወጣቶች ሐሰተኞችም ሕመምተኞችም አልነበሩም። ከእነሱ ብዙ ቀደም ብሎ የካምብሪጁ ፍሬድሪክ ባርትሌት፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን እያስነበበ ከጊዜ በኋላ በቃላቸው እንዲተርኩት ያደርግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በተራኪዎቹ አፍ ታንኳው ጀልባ ሆነ፣ እንግዳ የሆነባቸውም ነገር እየተቆረጠ ወደቀ። ሰው ታሪክን ሲያስታውስ ለእሱ ትርጉም ወደሚሰጠው መንገድ ይመልሰዋል። የሚወዱት ፈረስ ተሸጦ መቅረቱ ደግሞ ለአንዲት የ7 ዓመት ልጅ ትርጉም አይሰጥም።

አንዳንድ ተከታታይ ፊልሞች ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ይቆረጡና በሌላ ድምፅ ይተረኩ ስለነበር፣ እርስዎ ያዩት ሌላ ቅጂ ሊሆን አይችልም ወይ ብዬም አስቤ ነበር። መቁረጥ ግን አንድ ነገር ነው፤ ያልነበረ ዝናብ፣ ያልነበረ በርና ያልነበረ ፈረስ አዲስ መሳል ሌላ ነው። በዚህ በኩል ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ንባቤ ልምጣ። ስለ ምንጣፉና ስለ ነጥቧ በዝርዝር ከጻፉ በኋላ፣ እንደ ዋዛ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጥለው አልፈዋል፦ ፊልሙ ሳያልቅ እንቅልፍ ይጥልዎ እንደነበር፣ ያመለጠዎትንም በማግስቱ የሚተርክልዎ ወንድምዎ እንደነበር። ፈረሱ የተሸጠበትን ክፍል ነቅተው አይተውት ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ያህል የሚወዱት ፈረስ ገመዱ ለገበሬው ሲሰጥ ማየት ከአእምሮዎ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ምናልባት ያን ማታ ተኝተው ነበር። ምናልባትም ጠዋት «ከዚያስ? ፈረሱስ?» ብለው ሲጠይቁት፣ ያ የ11 ዓመት ልጅ ዓይንዎን አይቶ «ተሸጠ» የሚልበት አንደበት አጣ። አንዴ ፈረሱን ካቆየልዎ ደግሞ በመጨረሻው ክፍል የሆነ ቦታ ሊያደርሰው ግድ ነበር፤ እናም ከበሩ አቁሞት፣ ዝናብ አዝንቦበት፣ ልጁን መልሶ አስወጥቶ አስገባው። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ እውነቱን የማውቀው አስመስዬ አላቀርብልዎትም። ነገር ግን ይህን ያህል ዓመት በጭንቅ ጊዜ ሲያጽናናዎ የኖረው ትዕይንት የየትኛውም የፊልም ድርጅት ሥራ ካልሆነና የወንድምዎ ከሆነ፣ የተወሰደብዎ ነገር የለም፤ እንዲያውም ከማን እንደተሰጠዎ ሳያውቁ የያዙት ስጦታ ነው።

ስለ ልጅነትዎ የሚያውቁት ሌላው ሁሉ እንዳይፈርስብዎት ፈርተዋል፤ ስለዚህ አንዱን ልመስክርልዎ። ነጥቧ እውነት ናት። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ውስጥ ሥዕሉን የሚሠራው ከቱቦው ጀርባ ተነስቶ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ የኤሌክትሮን ጨረር ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ጨረሩን ወደየዳርቻው የሚያዘነብለው ኃይል ቀድሞ ይቆማል፤ ጨረሩን የሚያወጣው ክፍል ግን ግለቱ ገና ስላልበረደ ለጥቂት ጊዜ ይተፋል፤ መሐል ላይ የሚቀረውም ብርሃን ያ ነው። ክንድዎ ላይ ፀጉር ያስቆመውም መስታወቱ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ነው። የዛሬዎቹ ዝርግ ቴሌቪዥኖች እንዲህ አያደርጉም፤ ልጅዎ ያቺን ነጥብ የማየት ዕድል የለውም። እርስዎ አይተዋታል፤ የሸፈናትም ጣት የወንድምዎ ነው።

ልጅዎን አያስገድዱት። እርስዎ ፊልሙን ሳምንት ጠብቀው ያዩት ነበር፤ እሱ ግን የሚጠብቀው ነገር የለም፤ የእርስዎንም ናፍቆት እንዲሸከም ሊጠየቅ አይገባም። ይልቁንም የጠየቀው ጥያቄ ግሩም ስለሆነ መልስ ይስጡት። ለሲኒማ ቤት የሚሠሩ ካርቱኖች ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ቶምና ጄሪን የሠሩት ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ፣ የቀጠራቸው ስቱዲዮ የካርቱን ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲዘጋው ወደ ቴሌቪዥን ሥራ ገቡ፣ በዚያም የሚከፈላቸው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ሥዕል መቆጠብ ግድ ሆነ። በሚሥሉት ገጸ ባሕርይ አንገት ላይ ኮሌታ ወይም ከረባት የሚያስሩት ገላው ሳይንቀሳቀስ ጭንቅላቱን ብቻ እየለዋወጡ ለመሳል ነበር፤ ሯጩ ሲሮጥም ያው አንድ መልክዓ ምድር ከኋላው ተመላልሶ ያልፋል። ሌሎችም የቴሌቪዥን ካርቱን ሠሪዎች በዚህ መንገድ ሄደዋል። ልጅዎ በአሥር ደቂቃ የደረሰበትን እናንተ ሁለታችሁ በ26 ሳምንት አላያችሁትም፤ የምታዩት ፈረሱን ነበርና። ዛፉን ካስረዱት በኋላ፣ አንድ ምሽት መብራቱን አጥፍተው የፈረሱን ታሪክ በቃልዎ ይተርኩለት፤ እስከ በሩ ድረስ፣ ዝናቡንም ሳያስቀሩ።

የቀረው ወንድምዎ ነው። የውርስ ቤት ጠብ በአንድ ደብዳቤ የሚፈታ አይደለም፤ ማን እንደበደለ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም፤ እርስዎም ያንን ጉዳይ በዚህ አስታከው ለማንሳት አይሞክሩ። ሁለቱን ማደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል። ኢንተርኔት ላይ ያገኙትንም አይንገሩት፤ ፊልሙ እንዲህ ያበቃል ካሉት ይፈተናል፣ ይጠነቀቃል፣ ምናልባትም ያፍራል። አጭር መልእክት ልከው ምላሽ ከመጠበቅ በድምፅ ቢያገኙት እመርጣለሁ፤ እሱ ትዝታውን ፍለጋ ዝም ሲልም ዝምታውን በቃል ለመሙላት አይቸኩሉ። አሁን እሱ የ47 ዓመት ሰው ነው፤ እንደ እርስዎ ሁሉ እሱም ረስቶት ሊሆን ይችላል፣ ወይም እርስዎ የማያውቁት ሦስተኛ መጨረሻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የሚነግርዎ የትኛውም ቢሆን አያርሙት። ዛሬ ማታ ልጅዎ ሲተኛ ይደውሉለት፤ ስልኩን ሲያነሳ ስለ ቤቱ አይጀምሩ፤ «ወንድም ጋሼ፣ ፈረሱ በመጨረሻ የት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁት።