«ግንኙነት አልተሳካም፦ ሰክሰስ» እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ክላየንት (አገልግሎት ጠያቂ ፕሮግራም) ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ፣ መገናኘት ሲያቅተው ወይም ሲቋረጥበት ሎጉ (ፕሮግራሙ የሚያደርገውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ የምገናኘው በፖርት 8080 ነው፤ ሎጉ ግን 36895 ይላል። ከየት መጣ?

መልስ፦ ሁለቱ ባይቶች ተገላብጠው ነው። ከማተምህ በፊት ከኔትወርኩ የባይት ቅደም ተከተል ወደ ማሽንህ በሚመልሰው በ«ኤንቶኤችኤስ» አሳልፈው።

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን ክላየንት እያስተካከለች ነው። ሎጉ «ግንኙነት አልተሳካም፦ ሰክሰስ» ይላል። አለቃዋ «ታዲያ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም?» ብሎ ጠይቋት መልስ አጣች።

መልስ፦ አለቃሽ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። «ሰክሰስ» (በእንግሊዝኛ «ተሳካ») የሚለው ቃል ከኔትወርኩ አልመጣም፤ ኤርኖ፣ ማለትም የመጨረሻው ስህተት ቁጥር የሚቀመጥበት ቫሪያብል፣ ዜሮ ሆኖ ሳለ ቁጥሩን ወደ ቃል የሚቀይረው «ስትርኤረር» ሲጠራ የሚመልሰው ቃል ነው። ፕሮግራሙ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ስህተት አለ ባላለበት ቦታ ስህተቱ ምንድን ነው ብሎ ጠይቋል ማለት ነው።

የላክሽልኝን ኮድ አየሁት፤ ጣጣው ከሰርቨሩ የመጣውን በሚቀበለው «ሪሲቭ» ላይ ነው። ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ ሁለቱም ወደ አንድ የስህተት መስመር ይሄዳሉ። ዜሮ ግን ስህተት አይደለም። ሰርቨሩ የሚልከውን ጨርሶ በወጉ ዘግቷል ማለት ነው፤ ኤርኖም አይነካም። ስህተቱ ሲቀነስ 1 ብቻ ነው። ለያያቸውና ለዜሮው «ሰርቨሩ ግንኙነቱን ዘጋ» ብለሽ ጻፊለት።

እዚያው እያለሽ ሁለት ቦታ ተመልከቺ። «ጌትአድርኢንፎ» ስምን ወደ አድራሻ መቀየር ሲያቅተው የሚመልሰው የራሱን ቁጥር ነው፤ የሚነበበውም በ«ጋይ ስትርኤረር» ነው። ኤርኖን ማየት የሚያስፈልገው «ኢኤአይ ሲስተም» የሚባለውን ቁጥር ሲመልስ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሶኬቱ (የግንኙነቱ ጫፍ) ነንብሎኪንግ፣ ማለትም ሳይጠብቅ የሚመለስ፣ ከሆነ ግንኙነት የሚጀምረው «ኮኔክት» ወዲያው «ኢንፕሮግረስ» ብሎ ይመለሳል። እሱ ገና ነው ማለቱ ነው። ሶኬቱ ለመጻፍ ዝግጁ እስኪሆን በ«ፖል» ጠብቂ፤ ከዚያ ቁርጡን በ«ጌትሶክኦፕት» «ኤስኦ ኤረር» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው «ኮኔክት» እምቢ ሲለው መጀመሪያ ሶኬቱን ይዘጋል፣ ሰዓት ይጠይቃል፣ የሎግ ፋይል ይከፍታል፣ በመጨረሻ ኤርኖን ያነባል። በመካከል የተጠራው እያንዳንዱ ፈንክሽን ኤርኖን ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ «ኮኔክት» ሲቀነስ 1 እንደመለሰ፣ ሌላ ምንም ሳትጠሪ፣ በሚቀጥለው መስመር ኤርኖን በራስሽ ቫሪያብል ያዢው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ።

እኔ ማየት የምፈልገው መስመር ይህን ይመስላል፦

06:00:04.218 ዩቲሲ፣ ሙከራ 2፣ 192.0.2.10 ፖርት 8080፣ ኮኔክት፣ ኤርኖ 111፣ 3 ሚሊሰከንድ

እዚህ ውስጥ ግምት የለም። ሰዓቱ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። አንድ ስም ብዙ አድራሻ ሊኖረው ስለሚችል እምቢ ያለው አድራሻ ራሱ ተጽፏል። የተጠራው ፈንክሽን አለ፤ ከርነሉ የመለሰው ቁጥር አለ፤ ስንተኛ ሙከራ እንደሆነና ስንት እንደቆየ አለ። «ኢንተርኔትዎ አይሠራም» የሚለው መልእክት ግን የፕሮግራመሩ ግምት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተቀስቅሶ ሎግ የሚያነብ ሰው በዚያ ግምት ተመርቶ ደህናውን ራውተር ሲያጠፋና ሲያበራ ያድራል። ፕሮግራምሽ ያደረገውንና የተመለሰለትን ይጻፍ፤ ምክንያቱን አንባቢው ይፈልግ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ 111 እና 110 ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም አልተገናኘም ማለት አይደል?

መልስ፦ ሰፊ ልዩነት አላቸው። 111 ከሆነ እምቢታ ተመልሶልሃል፦ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ አለ፣ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም። 110 ከሆነ ማንም አልመለሰም። ከርነሉ በተለመደው አሠራሩ ጥያቄውን ደጋግሞ ልኮ፣ ከ2 ደቂቃ በላይ ጠብቆ ተስፋ ቆርጧል። የቆየበትን ጊዜ ጻፉ የምለውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የፋየርዎል ጉዳይ ነው፤ የኔትወርክ ባለሙያችሁን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ተርሚናል ላይ ሁሉም መልእክት ይታያል። ወደ ፋይል ሳዞረው ፋይሉ ባዶ ነው፤ በተለይ ፕሮግራሙን ገድዬ ሳየው።

መልስ፦ ስታንዳርድ አውት (የፕሮግራሙ መደበኛ የጽሑፍ መውጫ) ተርሚናል ላይ ሲሆን መስመር ባለቀ ቁጥር ይለቃል። ወደ ፋይል ሲዞር ግን በፈሩ (ጊዜያዊ ማጠራቀሚያው) እስኪሞላ ይዞ ይቆያል፤ ፕሮግራሙ በሲግናል ሲገደል የያዘውን ይዞ ይሞታል። የሚጠፋብህም የመጨረሻው መስመር፣ የምትፈልገው እሱ ነው። ሎግህን ወደ ስታንዳርድ ኤረር ላከው፤ እሱ አያጠራቅምም። ወይም ገና ምንም ሳትጽፍ በ«ሴትቪበፍ» በየመስመሩ እንዲለቅ እዘዘው።

ጥያቄ፦ ደንበኛ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቋረጠብኝ» ብሎ ደወለልን፤ ሎጋችን 03:00 ላይ ምንም የለውም።

መልስ፦ የደንበኛው 3 ሰዓት በአዲስ አበባ 09:00 ነው፤ ሎጉ በዩቲሲ ከሆነ ደግሞ 06:00። እዚያ ይፈልጉት። የሚጻፈው በዩቲሲ ይሁን፤ ዩቲሲ መሆኑም መስመሩ ላይ ይጠቀስ። ስንት እንደቆየ ሲለኩ ግን ወደ ኋላ የማይመለሰውን «ክሎክ ሞኖቶኒክ»ን ይጠቀሙ፤ የግድግዳ ሰዓቱ በመካከል ሊስተካከል ይችላል።

ጥያቄ፦ ለማረም እንዲመቸኝ የምልከውንና የምቀበለውን ሁሉ ሎግ አደርጋለሁ። የደንበኞች የይለፍ ቃልም ይገባል፤ ፋይሉ ግን ከእኛ ኮምፒውተር አይወጣም። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ትልቅ ችግር ነው። ሎግ ከሁሉ ይልቅ የሚቀዳ ፋይል ነው፦ ባካፕ ውስጥ ይገባል፣ ለእርዳታ ለባልደረባ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2018 ትዊተር የይለፍ ቃሎች ሳይሸፈኑ የውስጥ ሎግ ውስጥ መጻፋቸውን አስታውቆ ከ330 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎቹ እንዲቀይሩ መክሯል። እነሱም ፋይሉ ከቤት አልወጣም ብለው ነበር።

የተላከውን ባይት ብዛትና የትእዛዙን ስም ጻፍ፤ ይዘቱን ተው። ያላየኸው ሌላም አለ፤ ሰርቨሩ የላከውን ጽሑፍ ጽሑፍ ለሚያትመው «ፕሪንትኤፍ» በቀጥታ የመጀመሪያ ነገር አድርገህ ሰጥተኸዋል፤ እሱ ደግሞ የመጀመሪያውን እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። ሰርቨሩ «ፐርሰንት ኤን» ብሎ ቢልክልህ ሜሞሪህ ላይ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደብሊውዩ ኤፍቲፒዲ የተባለው ሰርቨር በዚሁ ዓይነት ስህተት ተጠልፏል። ሁልጊዜ «ፐርሰንት ኤስ» አስቀድም፤ ከውጭ የመጣውንም አዲስ መስመር የሚጀምር ምልክት አውጣለት፤ አለዚያ ሰርቨሩ የሐሰት የሎግ መስመር ይጽፍልሃል።

ኮዱን ስላስተካከልክ ግን ነገሩ አላለቀም። የድርጅታችሁን የደህንነት ባለሙያ ዛሬ አነጋግር። ነገ አትበል። የሎጉ ቅጂ የት የት እንደሄደ የሚጣራው፣ የትኛው የይለፍ ቃል መቀየር እንዳለበት የሚወሰነው ከእሱ ጋር ነው። ባለሙያ ከሌላችሁ ለኃላፊህ በጽሑፍ አሳውቅ። ፋይሉን ዝም ብለህ አጥፍተህ እንዳትቀመጥ፤ የተጎዱት ሰዎች ማወቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ የስህተት መልእክቶቼን በአማርኛ ጻፍኳቸው። መጨረሻቸው ላይ የጥያቄ ምልክት የመሰለ ቆሻሻ ይመጣል።

መልስ፦ በአማርኛ መጻፍህ ደስ ብሎኛል። አንድ የፊደል ቁምፊ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። ያንተ በፈር 64 ባይት ነው፤ የመዝጊያውን ዜሮ ስትቀንስ 63፣ ማለትም 21 ፊደል ብቻ። በመካከል ባለ አንድ ባይት ክፍተት ሲገባ ደግሞ «ኤስኤንፕሪንትኤፍ» የመጨረሻውን ፊደል ከወገቡ ሊቆርጠው ይችላል። በፈሩን 512 አድርገው፤ የተመለሰልህ ቁጥር ከበፈሩ መጠን እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነም መልእክቱ ተቆርጧል።