የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮም የማይቆም የሞተር ዘይት ፍሳሽ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2008 ስሪት የሆነች ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ቶዮታ ያሪስ አለችኝ፤ ካምቢዮዋ ማኑዋል ነው። ነዋሪነቴ ሱሉልታ፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ አራት ኪሎ በመሆኑ በየቀኑ የእንጦጦን ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ከክረምቱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ የዘይት ጠብታ አገኛለሁ፤ ዳገቱን ስጨርስም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። የቴስታታውን (የሞተሩን አናት) ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን ጎማ፣ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት። ፍሳሹ ስላልቆመ በድጋሚ ፈትቼ ዙሪያውን በሙሉ ሲሊኮን ቀባሁት፤ አሁንም ይንጠባጠባል። ያሳየሁት ጋራዥ ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገጣጠሙበት ሥር እርጥበቱን አይቶ፣ «የኋላው ኦይል ሲል ነው፤ ካምቢዮ መውረድ አለበት» በማለት ከአቅሜ በላይ የሆነ ዋጋ ጠየቀኝ። ካምቢዮ ከማስወረዴ በፊት ቤቴ ሆኜ ላደርገው የምችለው ነገር ይኖራል?

ከሱሉልታ

መልስ፦ ብዙ ነገር ይኖራል፤ ካምቢዮውንም ለጊዜው ባያስወርዱት እመክራለሁ። የኋላው ኦይል ሲል የሞተሩ ዘንግ ወደ ካምቢዮው በሚወጣበት በኩል ዘይት የሚያግድ ቀለበት ነው። ጋራዡ ያየው እርጥበት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታ ዘይቱ የሚነሳበት ቦታ ነው ማለት አይደለም። የእርስዎ መኪና ሞተር በአግድም የተቀመጠ ሲሆን ካምቢዮው በሹፌሩ በኩል ይገኛል። ከቴስታታው ክዳን የሹፌር ወገን ጠርዝ የሚወጣ ዘይት በሞተሩ ጎን ቁልቁል ወርዶ የሚያርፈው እዚያው ሞተርና ካምቢዮ በሚጋጠሙበት ከንፈር ላይ ነው፤ ከዚያ ዙሪያውን ተከትሎ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ከሥር ተጋድሞ ለሚያይ ሰው ይህ ከኋላው ኦይል ሲል ፍሳሽ በምንም አይለይም። የጻፉልን ሽታ ግን ይለያል። የኋላው ኦይል ሲል የሚያፈሰው ዘይት በአብዛኛው በካምቢዮው ቤት ውስጥ ወርዶ በሥሩ ይወጣል እንጂ የጋለውን የጭስ መውጫ አያገኝም። ዳገት ከወጡ በኋላ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተዎት፣ ቢያንስ ከፊሉ ዘይት ከላይ እየመጣ የጭስ መውጫው ላይ እያረፈ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ሳይሆን ማጠብ ነው። በአቧራ የተሸፈነ ሞተር ላይ ፍሳሽ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ የከተማ ዳር መንገድ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተጣብቆ ወፍራም ጥቁር ቅባት ስለሚሠራ የድሮው እድፍ ከአዲሱ አይለይም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ዲናሞውን፣ ቦቢናዎቹንና የአየር ፊልትሮውን በፌስታል ሸፍነው ካሰሩ በኋላ በላርጎና በለብ ያለ ውኃ፣ በብሩሽ እየፈተጉ ያጥቡት። በየሰፈሩ እንደሚደረገው በቤንዚን ማጠብን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በየቀዳዳው የቀረው የቤንዚን ትነት ሞተሩ ሲነሳ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሞተሩ በደንብ ሲደርቅ የሕፃናት ፓውደር ገዝተው በሚጠረጥሩት አካባቢ ሁሉ፣ ማለትም በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ፣ በዘይት ፊልትሮው አናት፣ ከታች በማብራራው የዘይት ግፊት ስዊች ሥርና በካምቢዮው መገጣጠሚያ ላይ በስሱ ይበትኑበት። ቀበቶውና ማራገቢያው አጠገብ ግን አይበትኑ። ከዚያ እዚያው ሱሉልታ ውስጥ ጥቂት ነድተው ይመለሱና፣ ሞተሩን አጥፍተው በጥሩ የእጅ ባትሪ ይመልከቱ። በነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ ቡናማ መስመር ሠርቶ ይታያል፤ ያንን መስመር ወደ ላይ ተከትለው የሚያገኙት ከፍተኛው እርጥብ ነጥብ መነሻው ነው። ነፋስ በጉዞ ላይ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ሁለት እርጥብ ቦታዎች እኩል ከፍታ ላይ ካገኙ ወደ ፊት ያለውን ይመኑ። የመጀመሪያው ጉዞ ምንም ካላሳየ ፓውደሩን ሳይነኩ እንጦጦን አንድ ጊዜ ወጥተው ይመለሱ፤ አንዳንዱ ፍሳሽ ሞተሩ በደንብ ሲግልና ሲጫን ብቻ ነው የሚወጣው።

ከዚህ ጎን ለጎን ጠብታውን ራሱን ይመርምሩት። ማታ ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉና ጠዋት ጠብታውን በጣትዎ አሽተው ያሽትቱት። የሞተር ዘይት የቆየ ከሆነ ጠቆር ያለ ነው፤ የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት ግን ድኝ የመሰለ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ስላለው አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ይህን የምለው የካምቢዮው የፊት ዘንግ ኦይል ሲል ሲያልቅ ፍሳሹ የሚወጣው ከዚያው ከሞተርና ካምቢዮ መገጣጠሚያ ሥር በመሆኑና ብዙ ጊዜ የሞተር ነው ተብሎ ስለሚፈረድበት ነው። የካምቢዮ ዘይት ከሆነ የሞተሩን ኦይል ሲል መቀየር ምንም አይፈይድልዎትም።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ሌላ ተጠርጣሪ የዘይት ግፊት ስዊቹ ነው፤ በሞተሩ ብሎክ ላይ የተጠመደ፣ አንድ ሽቦ ብቻ የሚገባበት ትንሽ ዕቃ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የሽቦውን ሶኬት ይንቀሉና ውስጡን ይዩት፤ ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ካለ ስዊቹ ራሱ ተበስቷል ማለት ነው፣ መፍትሔውም እሱን መቀየር ብቻ ይሆናል። ዋጋው ካምቢዮ ከማስወረድ ጋር አይወዳደርም። የዘይት ፊልትሮውን በቅርቡ አስቀይረው ከሆነም የድሮው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ አለመታሰሩን ያረጋግጡ፤ ሁለት ቀለበት ተደራርቦ የታሰረ ፊልትሮ በጉዞ ላይ ዘይቱን በሙሉ ሊያፈስ ይችላል።

አሁን ወደ ጓርኒሲዮኑ እንመለስ። አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶ ፍሳሹ ከቀጠለ ከጎማው በፊት ሞተሩ መተንፈሱን መጠየቅ ይገባል። በክዳኑ ላይ ከሞተሩ ውስጥ የሚመነጨውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልስ ትንሽ መተንፈሻ ቫልቭ አለ። እሱ ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በደካማው በኩል ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ አዲስ ጎማም አይችለውም። ቫልቩን ፈትተው ጆሮዎ አጠገብ ሲነቀንቁት ከውስጡ የኳኳታ ድምፅ መስጠት አለበት፤ ዝም ካለ ወይም በቅባት ከተዘጋ ይቀይሩት። እግረ መንገድዎን የዘይት መሙያ ክዳኑን ገልብጠው ይዩ። እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳም ቦታ አጭር ርቀት የሚሄድ ሞተር ውስጡ እርጥበት ስለሚያጠራቅም ክዳኑ ላይ ቡና በወተት የመሰለ ቅባት ይገኛል፤ መተንፈሻውን የሚደፍነውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ቅባቱ በብዛት ካለና የራዲያተር ውኃም የሚጎድል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ቴስታታውን ያስመርምሩ።

መተንፈሻው ደህና ሆኖ የፓውደሩ መስመር ወደ ክዳኑ ካመራዎት፣ ዙሪያውን የቀቡትን ሲሊኮን በሙሉ ማንሳት ይኖርብዎታል። በዚህ ሞተር የክዳኑ ጓርኒሲዮን ጎማ ነው፤ ደረቅ ሆኖ በንጹሕ ብረት ላይ እንዲያርፍ የተሠራ ስለሆነ ዙሪያውን ሲሊኮን ሲቀባ እየተንሸራተተ ከመቀመጫው ይወጣል። ሲሊኮን የሚያስፈልገው በሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፤ እነርሱም በተሳፋሪው በኩል የሰንሰለቱ መሸፈኛና ቴስታታው የሚገናኙባቸው ሁለት ስፌቶች ናቸው፤ በየአንዳንዳቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይቆረጥና ከዘይት ቋቱ ውስጥ የዘይት ፓምፑ ወንፊት ላይ ይከማቻል፤ ወንፊቱ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት ያጣል። ከፍሳሹ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሲሊኮኑን ሲያነሱ በቢላዋም በካቻቪቴም አይፋቁት፤ አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ አንዲት ጭረት ራሷ የዘይት መንገድ ትሆናለች። ከላስቲክ ዕቃ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ቁራጭ ይጠቀሙ፤ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅም ክፍት ቦታዎችን በንጹሕ ጨርቅ ይዝጉ፤ መጨረሻ ላይ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። የካንዴላዎቹን ጉድጓድም ይመልከቱ፤ በውስጣቸው ዘይት ካለ የጉድጓዶቹ ቀለበቶች አልቀዋልና አብረው ይቀየሩ። ጓርኒሲዮኑን ከሶማሌ ተራ ሲገዙ የድሮውን ይዘው ይሂዱ፣ ቅርጹን እያስተያዩም ይምረጡ። ጎማውን በጥፍርዎ ሲጫኑት ጥፍር ተቀብሎ መመለስ አለበት፤ እንደ ላስቲክ የደረቀው መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነውና ማሸጊያው ቢያምርም አይውሰዱት።

ብሎኖቹን የሚፈታው ባለ 10 ቁልፍ ሲሆን የሚታሰሩበት ኃይል ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው። ይህም 20 ሴንቲ ሜትር እጀታ ያለው ቁልፍ ጫፉ ላይ በ5 ኪሎ ገደማ ክብደት ቢጫን ማለት ነው፤ ከሚገምቱት እጅግ ያነሰ ነው። ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር እየተሻገሩ፣ በመጀመሪያው ዙር ላላ አድርገው፣ በሚቀጥለው አጥብቀው ይሰሩት። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጎማውን ይጨፈልቀዋል ወይም ብሎኑን ይቆርጠዋል፤ ቴስታታ ውስጥ የተቆረጠ ብሎን ደግሞ ከፍሳሹ የባሰ ጣጣ ነው። ሲሊኮኑ ቱቦው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ሳያገኝ ሞተሩን አያስነሱ።

ከላይ ያልኩት አብዛኛው መኪናውን ሳያነሱ የሚሠራ ነው። ከሥር መግባት የግድ ከሆነ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አይግቡ፤ ብሎኬት መደርደርም መፍትሔ አይደለም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል፤ ግንበኛ ግድግዳ ሲሠራበት አይተን እንደ ድንጋይ ጠንካራ ስለሚመስለን ነው የምናምነው። ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ፣ የኋላ ጎማዎች ታኮ ተደርጎባቸው፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ይግቡ። ብረት መቆሚያ ከሌለዎት ያችን ሥራ ጉድጓድ ላለው ጋራዥ ይተዉለት።

ይህን ሁሉ አድርገው ላዩ ሁሉ ደርቆ፣ ሽታውም ጠፍቶ፣ ጠብታው ግን የሞተር ዘይት ሆኖ ከካምቢዮው ሥር መውጣቱን ከቀጠለ ጋራዡ ትክክል ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜም መቸኮል አያስፈልግም። ሌሊቱን ጥቂት ጠብታ የሚጥል ሞተር የዘይት መለኪያው በየሳምንቱ እየታየ ለረጅም ጊዜ ሊነዳ ይችላል። በመለኪያው ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኞቹ መኪኖች ወደ 1 ሊትር ስለሚሆን፣ ከታችኛው ምልክት እንዳይወርድ እየሞሉ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) አልቆ እስኪቀየር ይጠብቁ፤ ፍሪሲዮን ሲቀየር ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር ኦይል ሲሉ በዚያው ድካም ይቀየራል። ዘይቱ ፍሪሲዮኑን አርሶት ዳገት ላይ መንሸራተት ከጀመረ ወይም የዘይት መብራት ከበራ ግን ቀጠሮ የለውም፤ መብራቱ ሲበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፤ መካኒኬ ግን ወፈር ያለ ዘይት ብትሞላበት ፍሳሹ ይቆማል አለኝ። እውነት ነው?

ከሰበታ

መልስ፦ ወፍራም ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ፍሳሹ ሊቀንስ ይችላል፤ አይድንም። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ወፍራም ዘይት ወደ ሞተሩ አናት ለመድረስ ስለሚዘገይ፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር የላይኛው ክፍል ለትንሽ ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይፈጫል። የመኪናው መመሪያ ከሚፈቅደው የውፍረት ክልል ሳይወጡ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት የቆየ ሞተር ላይ ችግር የለውም። ጎማ ያሳብጣሉ ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች የደረቀ ኦይል ሲልን ለጊዜው ሊያለሰልሱ ቢችሉም የተቀደደ ጓርኒሲዮን ወይም የላላ ብሎን አይጠግኑም፤ እኔ ገንዘቡን ለጓርኒሲዮን ባውለው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከጥገና በኋላ የተረፈውን የተቃጠለ ዘይት ለአጥር ባሕር ዛፍ ቋሚዎች ምስጥ መከላከያ ብቀባው ምን ይላሉ?

ከገላን

መልስ፦ በየሰፈሩ የተለመደ ቢሆንም አልመክርም። ያገለገለ የሞተር ዘይት ከሞተሩ የተፋቁ የብረት ቅንጣቶችንና ቆዳን የሚጎዱ ውህዶችን ስለሚይዝ በዝናብ ታጥቦ ወደ አፈሩ ይገባል፤ የጓሮ አትክልት ወይም የጉድጓድ ውኃ በአቅራቢያው ካለ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ቤት ይመለሳል። ክዳኑ በሚገጥም ጀሪካን አጠራቅመው ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ይስጡት፤ ከውኃም ሆነ ከቤንዚን ጋር ከተቀላቀለ ማንም ስለማይቀበለው ለብቻው ያስቀምጡት። ሲሠሩም ጓንት ያድርጉ።