ገመዱን ከመፍታትህ በፊት

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሻይ እየጠጣሁ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አንተ የእንስሳት ሐኪም ነበርክ አይደል?» አለኝ። ድሬ አንቱታ ብዙ አትወድም፤ እኔም አላስቀየመኝም። ቪዲዮ ከፈተልኝ። ግልገል ጅብ ናት። አንገቷ በገመድ ታስሮ የልጁን ነጠላ ጫማ ታኝካለች። «ስታድግ ሐረር ወስጄ ከጀጎል ግንብ ውጪ እለቃታለሁ። ዘመዶቿን ትቀላቀላለች» አለኝ። ልጁ ደግ ነው፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ላሰባችሁ ሁሉ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ ደግ ነበርኩ። ከደብረ ዘይት ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ዓመቴ ነው። አንድ ነጋዴ ግቢው ውስጥ ቀበሮ አሳድጎ ነበር። ቡችላ እያለ ከሰል ሻጭ ነው ያመጣለት። እንጀራ በወጥ በልቶ፣ ከውሾቹ ጋር ተኝቶ አደገ። አድጎ ሠራተኛዋን ሲነክስ ተጠራሁ። «አውሬ ነው፣ ወደ አገሩ ይመለስ» አልኩ። በሣጥን ጭነን ወደ ቆላው ወሰድነውና ከፈትንለት። አልሮጠም። የመኪናው ጎማ ሥር መጥቶ ተቀመጠ። ድንጋይ ወርውሬ አባረርኩት፤ ትንሽ ሄዶ ዞሮ አየኝ። ነፃ አወጣሁት ብዬ እየተደሰትኩ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ አንድ መንደር ገባ። ርቦታል፤ ለእሱ ምግብ የሚመጣው ከሰው እጅ ነው። አንዲት እናት እሳት ዳር ተቀምጣ ሳለ አጠገቧ ደረሰ። ሰው የማይፈራ ቀበሮ ቀን ላይ ሲታይ መንደሩ ምን ያስባል? አብዷል ይላል። ትክክልም ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። በዱላ ገደሉት። በግርግሩ ግን አንድ ልጅ እጁን ተነከሰ። የቀበሮውን ሬሳ ሳየው አንገቱ ዙሪያ ሰንሰለቱ የላጨው ቀለበት ነበር፤ ፀጉር የሌለው፣ ሁለት ጣት የሚያህል። የኔው ነው። ያኔ የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጠው ሆድ ላይ ነበር፣ ለ14 ቀን በየቀኑ። ልጁን እኔ ነበርኩ የማመላልሰው። ከአራተኛው ቀን በኋላ መኪናዬን ሲያይ መሸሽ ጀመረ።

አውሬን ወደ ዱር መመለስ አይቻልም እያልኩ አይደለም። አሜሪካኖች ከየሎውስቶን ፓርክ ተኩላን ጨርሰው ያጠፉት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። መልሰው ያስገቡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996፣ 31 ተኩላ ከካናዳ አምጥተው። እነዚያ ተኩላዎች ግን ከአጥር የወጡ አልነበሩም። ዱር ተወልደው፣ ከእናታቸው አደን ተምረው፣ ሰው ሲሸታቸው የሚሸሹ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ አገሩን እስኪለምዱ ለሳምንታት ታጥረው ቆዩ። ሥጋ የሚያመጣላቸው ሰው ጥሎ ቶሎ ይመለስ ነበር፤ እንዳይለምዱት። አንገታቸው ላይ የት እንዳሉ የሚጠቁም ሬዲዮ ታሰረ። ከብቱ ለተበላበት አርቢ ካሳ ተዘጋጀ።

የሜክሲኮ ተኩላ ታሪክ ይለያል። ዱር ላይ አልቆ ስለነበር አጥር ውስጥ ከተወለዱት ሌላ ምርጫ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካኖቹ 11 ተኩላ ለቀቁ። ዓመቱ ሳያልቅ ከፊሎቹ በጥይት ተገደሉ፣ ሌሎቹም ተይዘው ወደ አጥር ተመለሱ። አሁን ሌላ ዘዴ አላቸው። አጥር ውስጥ የተወለደ ቡችላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዱር ያለች እናት ጉድጓድ ውስጥ፣ ከልጆቿ መሃል ይጨመራል። እናትየው መቁጠር አትችልም መሰል፣ አብራ ታሳድገዋለች። ሽሽቱን የምታስተምረው እሷ ናት።

ሳያስቡት የተከፈተ በር ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ የአንድ ፓርክ አጥር በር ተከፍቶ ስድስት ተኩላ ወጣ። አንዱን ባቡር ገጨው፣ ሌሎችም በጥይት ተገደሉ። ሰው ያልበሉ ተኩላዎች ናቸው፤ ችግሩ ሰው አለመፍራታቸው ነው። አጥር ውስጥም ቢሆን ፍራቻው ከጠፋ አደጋ አለ። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሰው ጋር ተላምደው ያደጉ ተኩላዎች ተንከባካቢያቸውን ገድለዋል።

በሽታም አለ። የኛ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም። ባሌ ላይ ደጋግሞ የፈጀው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከውሻ ጋር ያደረ አውሬ ሲለቀቅ ምን ይዞ እንደሚሄድ እናንተው አስቡት። ወደ እኛ ጠጋ ስንልም፣ በኮንትሮባንድ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ ሶማሌላንድ ላይ የሚያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች አሉ። እናት ዓመት ተኩል ገደማ ይዛ ነው አደን የምታስተምራቸው። ያለ እናት ያደገውን ሜዳ ላይ መልቀቅ በረሃብ መግደል ነው።

«የሐረር ጅቦችስ?» አለኝ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እነሱን ማንም አላሰራቸውም። በግንቡ ቀዳዳ ገብተው ያገኙትን ለቃቅመው ይወጣሉ። ከእንጨት ጫፍ ሥጋ የሚቀበሉትም ሲጠግቡ ወደ ጎሬያቸው ነው። ደግሞ የጅብ መንጋ የሴት ቤት ነው፤ ማዕረግ ከእናት ይወረሳል። እናት የሌላት እንግዳ ሴት ስትመጣ ይነክሷታል፣ ያባርሯታል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የዚህች ግልገል ነገር ከዚያም ይብሳል፤ ቁርበት የሚያነጥፍላት ቀርቶ ቋንቋዋን የሚሰማት የለም።

ልጁ ሻዩን ሳይጠጣ ዝም አለ። «ታዲያ ምን ላድርጋት?» አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ በእጅህ አታጉርሳት አልኩት። ግቢህ ውሾች ካሉ ከእሷ ለያቸው፣ አስከትባቸውም። ቪዲዮውን አጥፋው፤ ያየ ሁሉ ግልገል ፍለጋ እንዳይወጣ። ከዚያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች ዘንድ እንሄዳለን፤ ብቻህን መሄድ ከፈራህ እኔ አብሬህ እሆናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልንገናኝ ተቀጣጥረናል። ጓንት ይዤ እመጣለሁ።