ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራም እግር ይጠይቃል

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ከፋብሪካው ሰርቪስ ስወርድ ጭቃ አዳልጦኝ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረና በኦፕራሲዮን ብረት ገባልኝ። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። በአንድ ክራንች እራመዳለሁ፤ ማታ ማታ ያብጣል። በሕመም ፈቃድ ላይ ስለሆንኩ ደመወዜ ግማሽ ሆኗል። አለቃዬ «ሥራሽ ቁጭ ብሎ ነው፣ ሰኞ ግቢ» ይለኛል። ልግባ ወይስ መልቀቂያ አስገብቼ ሌላ ሥራ ልፈልግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ፈጣሪ አተረፈሽ። አብሽሪ፣ ነገሩ የጨነቀሽን ያህል የተዘጋ አይደለም። መልቀቂያ አታስገቢ፤ ሐኪምሽ ሳያይሽም ሰኞ አትግቢ።

አለቃሽ «ቁጭ ብሎ ነው» ያለው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ግን ስፌት ላይ የሚቀመጠው ወገብ እንጂ እግር አይደለም። ፔዳሉን በጣትሽ በኩል ስትጫኚው ማሽኑ ይሰፋል፣ በተረከዝሽ ወደ ኋላ ስትመልሺው ክር ይቆርጣል። ይህን ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራው ያው ብረት የገባለት ቁርጭምጭሚት ነው። በዚያ ላይ እግር ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲውል ያብጣል። እንዲህ ካለ ኦፕራሲዮን በኋላ እብጠት ለወራት መመላለሱ የተለመደ ስለሆነ እሱ ብቻውን አያስደንግጥሽ።

ስለዚህ ቀጠሮሽ ላይ ለሐኪሙ «ፋብሪካ ነው የምሠራው» ብለሽ አትለፊው። ፔዳሉን እንዴት እንደምትረግጪ እዚያው ወንበር ላይ ሆነሽ በደህናው እግርሽ አሳዪው። ብዙ ጊዜ የሐኪም ወረቀት «ዕረፍት ያስፈልጋታል» ወይም «ተሽሏታል» ብሎ ያበቃል፤ አሠሪ ደግሞ በእንዲህ ያለ ወረቀት ሥራ ሊያስተካክል አይችልም። ፔዳል መርገጥ ትችያለሽ ወይስ አትችይም፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ መቆምና ደረጃ መውጣት ይፈቀድልሻል ወይ፣ እግርሽን በየስንት ጊዜው ከፍ ማድረግ አለብሽ፣ ይህ እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ተጽፎ ይሰጥሽ። ፊዚዮቴራፒ ካላዘዘልሽም ጠይቂው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። አንቺን የሚያስቸኩልሽ ሦስተኛው ወር ሲያልቅ የሚመጣው ባዶ እጅ እንደሆነ ይገባኛል።

ግን «ከፋብሪካው ሰርቪስ ስወርድ» ያልሽው ለእኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። አዋጁ አሠሪው ለሠራተኞቹ ባቀረበው መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲኬድ ወይም ሲመለስ የሚደርስን ጉዳት በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ጉዳት ይቆጥረዋል። ስትወርጂ መውደቅሽ ሊያከራክር ይችላል፤ ቢሆንም ሳይጠየቅ የሚቀር ነገር አይደለም። እንደዚያ ከተቆጠረልሽ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ክፍያ ሙሉ ነው፣ ቀጥሎ ያሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ አያንስም፣ የሕክምና ወጪውም የአሠሪው ነው። አብረውሽ የወረዱ ልጆች አሉ? ቀኑንና ሰዓቱን፣ ያዩትንም ስም አሁኑኑ ጻፊ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ በኩል፣ ከሌላችሁ ኮምቦልቻ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ዋል አደር አትበዪ። መልቀቂያ አታስገቢ ያልኩሽም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐኪሙ ከፈቀደልሽ ደግሞ ባዶ እጅሽን ወደ አለቃሽ አትሂጂ፤ ሐሳብ ይዘሽ ሂጂ። ለጊዜው ፔዳል የሌለበት ቦታ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፦ ክር ማጽዳት፣ ተቀምጦ የሚሠራ የጥራት ቁጥጥር፣ የላይኑን ምርት መመዝገብ። በግማሽ ቀን መጀመር የሚሆነው በስምምነት ስለሆነ ደመወዙም እስከ መቼ እንደሚቆይም በጽሑፍ ይሁን። ጥራት ላይ መቀመጡ ለነገም ይጠቅምሻል። ስፌቱን በእጇ የምታውቅ ተቆጣጣሪ ጉድለቱ ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ቶሎ ትለያለች፤ ሌላ ሥራ መፈለግ ካማረሽም ከዚያ ተነስተሽ ብትፈልጊ ይሻልሻል። የሙያ ምዘና፣ ሲኦሲ፣ ካልወሰድሽ እግርሽ ሳይድን ልታዘጋጂው የምትችይው ነገር ነው።

ከመግባትሽ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሞክሪው። በሥራ ሰዓትሽ ተነሺ፣ ሰርቪስ እስከምትይዢበት ድረስ ሂጂና ተመለሺ፤ የደሴን ዳገትና ቁልቁለት አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ክራንች ይዞ ቁልቁለቱ ይብሳል። ከዚያ በሥራ ሰዓትሽ ልክ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ማታ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ ተኝተሽ ጠዋት እብጠቱ ከጎደለ ደህና ነው። ካልጎደለ ወይም ሕመሙ ከጨመረ ገና ነሽ። ባትሽ ድንገት ካበጠና ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካመጣ ግን የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ሂጂ።

ለአለቃሽ ሰኞ ከመድረሱ በፊት አጭር ደብዳቤ ጻፊ፤ የቀጠሮሽን ቀን አሳውቂና የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ አያይዢ። በሁለት ኮፒ ይሁን፤ ያንቺ በሚቀረው ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ።