ልጅሽን ለስፔሻል ኢድ እንመርምረው ካሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አሜሪካ ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅሽን ትምህርት ቤቱ ለስፔሻል ኢድ (ለልዩ ፍላጎት ትምህርት) እንመርምረው ብሎ የፈቃድ ወረቀት ልኳል። ባለቤትሽ ደግሞ «ስም ይለጥፉበታል፣ እንዳትፈርሚ» ብሏል። የእኔም ልጅ አይኢፒ፣ ማለትም ለእሷ ብቻ በጽሑፍ የተዘጋጀ የልዩ ትምህርት ዕቅድ፣ አላት፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ነገር፣ ፊርማው ሁለት ነው። አሁን የተላከልሽ የምርመራው ብቻ ነው። ውጤቱ መጥቶ «ይገባዋል» ቢሉ እንኳ፣ አገልግሎቱ የሚጀመረው አንቺ እንደገና በጽሑፍ ስትፈቅጂ ነው። ከተጀመረም በኋላ በጽሑፍ ማስቆም ትችያለሽ።

የባለቤትሽ ስጋት ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ዘጠኝ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው «የአእምሮ ዝግመት አለባቸው» ተባሉና ለብቻ ክፍል ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 «ዳያና» በሚባለው ክስ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በስፓኒሽ ሲፈተኑ ውጤታቸው ከፍ አለ። ዛሬ የፌዴራሉ ሕግ፣ እስከተቻለ ድረስ ልጁ በሚችለው ቋንቋ ይመርመር ይላል። እንግሊዝኛው ስላልጠነከረ ብቻ አካል ጉዳተኛ ነው ማለትም አይቻልም። ስለዚህ ቤት ውስጥ አማርኛ የምትናገሩ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ጻፊው። ስለ ውጤቱና ስለ ዕቅዱ ለምትነጋገሩበት ስብሰባም አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ማምጣት የእነሱ ግዴታ ነው። እኛ ጋ አንዴ «ልጅቷ ትተርጉምልዎ» ተብዬ ስብሰባው በሌላ ቀን እንዲሆን አድርጌያለሁ። ልጅ ስለራሷ ድክመት እንዴት ብላ ትተርጉም?

ባለቤትሽ ሌላውንም ጎን ይይ። እዚህ አገር ድሮ ችግሩ ተቃራኒ ነበር፤ አካል ጉዳተኛ ልጅ «አንቀበልም» ተብሎ በር ይዘጋበታል። በ1972 የፔንሲልቬንያና የዋሽንግተን ዲሲ ወላጆች በፍርድ ቤት አሸነፉ። ዲሲ «ገንዘብ የለንም» ብሎ ነበር። ዳኛው ግን የገንዘብ እጥረቱ በእነዚህ ልጆች ላይ ከሌሎቹ በባሰ ሊያርፍ አይችልም አሉ። በ1975 ኮንግረስ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን የትምህርት ሕግ ሲያወጣ አንድ ሚሊዮን አካል ጉዳተኛ ልጆች ጭራሽ ከትምህርት ቤት ውጭ እንደነበሩ ጽፏል። ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት እያጉረመረሙ ነው፤ መንግሥት ከሚችለው በላይ ቃል ይገባል አሉ። አልተሳሳቱም። የፌዴራል መንግሥት ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ልጅ፣ በአገር ደረጃ ለአንድ ተማሪ በአማካይ ከሚወጣው እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ያለው እስከ ዛሬ ሞልቶ አያውቅም። ለዚህ ነው ስብሰባ ላይ ባጀት፣ ባጀት የምትሰሚው። አንቺ ግን የምትነጋገሪው ስለ ልጁ ፍላጎት እንጂ ስለ ባጀታቸው አይደለም።

አይኢፒ ከተዘጋጀለት ግቦቹን በደንብ አንብቢ። የልጄ ላይ ያምናው ግብ ቃል በቃል ተገልብጦ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2017ቱን «ኤንድሩ» የሚባለውን ክስ አነሳሁባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ ዕቅዱ ልጁ እንደ ሁኔታው ተገቢ እድገት እንዲያሳይ ታስቦ የተሠራ መሆን አለበት ብሏል። ወዲያው የንባብ ግቡን ቀየሩት፣ የንግግር ሕክምናም ተጨመረ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ መነሻው ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ መማር ነው። ለብቻ እናውጣው የሚል ምክንያቱን ያስረዳ።

እኔ ብሆን እፈርማለሁ። ከፈረምሽበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አላቸው፤ ስቴታችሁ የራሱ ገደብ ካለው ደግሞ እሱ ይሠራል። ቀኑን ጻፊበት፣ ኮፒ አስቀሪ። ውጤቱ ካላሳመነሽ በትምህርት ቤቱ ወጪ ሌላ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያየው በጽሑፍ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ምርመራቸው ትክክል እንደነበር በሕግ የማስረዳቱ ሸክም የእነሱ ነው።